አሥራ ስድስት ጊጋ ባዶ ቦታ ፍለጋ

በኋላ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» የሚል እንዳይኖር፣ በቦታው የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። እናቴ ወይዘሮ ደስታ ነበረች። ታናሽ እህቴ ምንትዋብ ነበረች፤ ግማሹን ጊዜ በሳቅ ብታሳልፈውም ነበረች። የእናቴ ወንድም ጋሼ ኃብቴ ነበሩ። ጎረቤታችን የበርበሬ ነጋዴው ሐጂ ነስሩ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ ተካ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ መጥቶ ተጨመረ። እኔ ነበርኩ። ኮምፒዩተሩ ነበረ። አንዲት የቅቤ ማሰሮም ነበረች፤ እሷን ከሰው መቁጠር ባይገባም በነገሩ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ድርሻ ስላላት አልዘላትም። ባለ ጎሚስታውንና ባለ ጋሪውን አልቆጠርኳቸውም። እነሱ ሲያስነጥሱ ስለነበር ብዙም አላዩም።

ቡታጅራ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ዝምተኛ ነው ይሉኛል። ዝም ስል ግን ሥራ ፈትቼ አይደለም፤ እየቆጠርኩ ነው። ከቤታችን እስከ መናኸሪያው ስንት እርምጃ እንደሆነ ጠይቁኝ። ኮምፒዩተርንም የተማርኩት እንዲሁ ብቻዬን ነው፤ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ። መጽሐፉ ከገጽ አርባ አንድ እስከ ገጽ ሃምሳ ስድስት የለውም። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ምን እንዳደረገው አላውቅም፤ ቆሎ የሚጠቀለልበት ወረቀት ከየት እንደሚመጣ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ስለ ኮምፒዩተር እስከ ገጽ አርባ ያለውንና ከሃምሳ ሰባት ወዲያ ያለውን ጠይቁኝ። መካከሉን አታንሱብኝ።

ኮምፒዩተሩ የተካ ነበር። አዲስ አበባ ላለው ሱቁ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ወደ እኛ ላከው። እናቴም በመጣበት ቀን ዳንቴል አለበሰችው። እኔ በእሱ ላይ የሰፈሩን ማመልከቻ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። እንዲህ ስንኖር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተካ ደወለ።

«ኮምፒዩተሩ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደኅና ነው።»

«ዳንቴል ለብሶ ነው ደኅና የሆነው? ባለፈው ስመጣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ አገኘሁት። ስማ፣ ሁለተኛ ሱቅ ልከፍት ነው። ለዕቃ መመዝገቢያ እፈልገዋለሁ።»

ዝም አልኩ።

«ዝም አትበለኛ!»

«ወንድም ጋሼ፣ ማመልከቻ እየጻፍኩበት እኮ ነው። ሰው መምጣት ጀምሯል።»

«በዚያ በአሮጌው? አዲሱ ዊንዶው ከወጣ ሰነበተ እኮ። እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። መጫኛ ዲስኩን እልክልሃለሁ። ለመስቀል ስመጣ አዲሱ ተጭኖበት ካገኘሁት የአንተ ይሁን፤ በእርግጥም ልትሠራበት ነው እላለሁ። እንደ በፊቱ ካገኘሁት ግን ክትፎዬን በልቼ ኮምፒዩተሬን ይዤ እሄዳለሁ።»

እናቴ ከጎኔ ቆማ ትሰማ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እግሮቹም አብረው ይሄዳሉ?»

እግሮቹ ምን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ተካ ለመስቀል ሲመጣ የቪዲዮ ካሜራ ይዞ ነበር። አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት፣ ያጠፋው መስሎት፣ ከሰው ሰው ሲሳሳም ዋለ። ካሜራው ታዲያ ሦስት ሰዓት ሙሉ የእንግዳውን ሁሉ እግር ቀረጸ። ፊት የሚባል የለበትም። አባቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዐረፈ፤ የሚንቀሳቀስ ምስሉ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ ከጉልበት በታች። እናቴ እሑድ እሑድ ዳንቴሉን ገልጣ «ክፈትልኝ» ትለኛለች። ሁሉንም በእግሩ ትለየዋለች። «ይቺ የአባትህ ናት፤ ካልሲውን እንደገና ገልብጦ አጥልቆታል» ትላለች፣ ነገ ልታስተካክልለት ይመስል። ቪዲዮውን ወደ ሌላ ቦታ ቀድቼ ልሰጣት አልቻልኩም። ኮምፒዩተራችን ዲስክ ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ ያለኝ ፍላሽ ደግሞ አንድ ጊጋ ብቻ ስለሆነ አይበቃውም።

እንግዲህ ቆረጥኩ። ይህ ኮምፒዩተር ከዚህ ቤት አይወጣም።

መጽሐፉ ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ «ከሁሉ አስቀድመህ አቧራውን በታመቀ አየር አስወግድ» ይላል። በሥዕሉ ላይ የታመቀው አየር በትንሽ ቆርቆሮ ተሞልቶ ይታያል። ቡታጅራ ውስጥ የታመቀ አየር ያለው ጎሚስታ ቤት ነው። ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በጋሪ ወሰድኩት።

ባለ ጎሚስታው ዙሪያውን አየውና «የት ጋ ነው የሚያስተነፍሰው?» አለኝ።

«አያስተነፍስም። ንፋልኝ ብዬ ነው።»

«ስንት ልሙላው?»

«አትሙላው። ውስጡን ብቻ እፍ በልልኝ።»

እዚህ ላይ አስቀድሜ መናገር የነበረብኝ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ የሚቀመጠው ከግድግዳ ተጠግቶ ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ የሐጂ ነስሩ መጋዘን አለ። ከመስቃን ገጠር የሚመጣው በርበሬ ሁሉ እዚያ ይራገፋል፣ ይመረጣል፣ ይጫናል። ኮምፒዩተራችን አምስት ዓመት ሙሉ ሲተነፍስ የኖረው ያንን ነው። ይህን እኔ፣ ሁሉን የምቆጥረው፣ አልቆጠርኩትም ነበር።

ሰውየው አየሩን ሲለቀው ከኮምፒዩተሩ ቀይ ደመና ወጣ። መጀመሪያ ባለ ጎሚስታው አስነጠሰ። ከዚያ እኔ። ከዚያ ወደ ቆሼ ከተማ የሚሄድ፣ የመኪናውን ጎማ የሚያስለጥፍ ሹፌር። ባለ ጋሪው «ይማርህ» እያለን ሳለ የእሱም ተራ ደረሰ። ፈረሱ አንድ አፍታ ቆሞ አሰበ። ከዚያ አስነጠሰ። በራሱ ድምፅ ደነገጠና ጋሪውን ከነብርድ ልብሳችን ይዞ ወደ መናኸሪያው ፈረጠጠ። ባለ ጋሪው እየሮጠም እያስነጠሰም ተከተለው። እኔ ኮምፒዩተሩን ተሸክሜ በእግሬ ተመለስኩ፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት እርምጃ ነው። ብርድ ልብሱ በማግሥቱ መጣ።

ሐጂ ወሬውን ሲሰሙ ያዝናሉ ብዬ ነበር። «ማሻአላህ!» አሉ። «አምስት ዓመት ቆይቶ ፈረስ ያስሮጣል! የእኔ በርበሬ እኮ ነው!» ከዚያ በኋላ ለገዢ ሁሉ ይህንኑ ይተርኩ ጀመር።

ቀጥሎ ራም ያስፈልግ ነበር። ራም ማለት ከጣት ትንሽ የምትረዝም፣ ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር እንዲያስብ የምታደርግ ነገር ናት። ወልቂጤ ያለ ጓደኛዬ ከሞተ ኮምፒዩተር ነቅሎ ላከልኝ። በአቋራጩ የሚመጣ መኪና ስላልተገኘ ከወልቂጤ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ዞራ ደረሰች። በሕይወቴ ከተጓዝኩት የበለጠ በሁለት ቀን ተጓዘች። ሰካኋት፤ ሠራች። የኮምፒዩተሩ ሙቀት ግን ጨመረና የጎኑን ክዳን ከፍቼ፣ ክፍቱ ወደ ላይ እንዲሆን አጋድሜ ተውኩት።

የቀረው ባዶ ቦታ ነው። አዲሱ ዊንዶው ለመግባት አሥራ ስድስት ጊጋ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የኮምፒዩተራችን ማስቀመጫ ዲስክ አርባ ጊጋ ነው፤ ሠላሳ ስድስቱ ተይዟል። አራት አለን፤ አሥራ ሁለት ጎደለን። አንድ ሰው ፋይሉን መልቀቅ አለበት። ቤተሰቡን ጠየቅኩ።

«የእኔን ሙዚቃና ፊልም ከነካህ የፈረሱን ታሪክ ለወንድም ጋሼ እነግረዋለሁ» አለች ምንትዋብ።

እናቴ ዳንቴሉን አስተካከለች።

ጋሼ ኃብቴ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት የተከራከሩበትን የመሬት ጉዳይ እኔ ጽፌላቸው እዚያው ተቀምጧል። «በሽማግሌ ይታይ!» አሉ። አልተሳሳቱም። በእኛ አገር ድንበር ለተገፋበትም፣ ማሳው በከብት ለተበላበትም ሽማግሌ ይቀመጣል። ለፋይል ተቀምጦ አያውቅም እንጂ የማይቀመጥበት ምክንያት የለም። ሐጂ ነስሩ ፋይል ስለሌላቸው አያዳሉም ተብሎ ተመረጡ።

ሐጂ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ፤ ከኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት ተቀመጡና መረቁ። «የተጣላውን ያስታርቅልን፣ የጠበበውን ያስፋልን።»

«አሜን» አልን። ስለ ዲስክ ከዚህ የተሻለ ምርቃት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

«ተከሳሹ ማነው?»

«ተከሳሽ የለም ሐጂ። ቦታ ጠቦን ነው።»

«ቦታ ከጠበበ አጥር ይገፋል እንጂ ቤተኛ ይባረራል?»

«አጥሩ አይገፋም። አርባ ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ማነው አርባ ያለው?»

«የሠራው ፋብሪካ።»

«ሰውዬውን ማስጠራት አይቻልም?» አሉ። አይቻልም ስላቸው አዘኑ። ወደ አጎቴ ዞሩ።

«የእኔ ከሁሉ ይከብዳል» አሉ ጋሼ ኃብቴ። «አሥራ ሁለት ዓመት ነው! ሁለት ዳኛ ጡረታ የወጣበት!»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ከሁሉ ያንሳል» አልኩ። «የእማዬ ቪዲዮ ብቻውን ዘጠኝ ጊጋ ነው። የእርስዎን ዓይነት ሁለት መቶ ሺህ ጉዳይ ይይዛል።»

አጎቴ በጣም በቀስታ «እግር ነው መሬትን የሚበልጠው?» አሉ።

«የሟች እግር ከሆነ ይበልጣል» አሉ ሐጂ። «እስቲ አሳየን።»

ከፈትኩላቸው። እግር መጣ፣ እግር ሄደ። ሐጂ ወደ ፊት አጎነበሱ። «ይሄ ግራውን እንዲህ የሚጎትት ማነው ምስኪን?»

ምንትዋብ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

«እኔ ነኝ?» አሉ ሐጂ። «ወላሂ፣ እኔ ነኝ! ሰው እንዲህ ሲሄድ ዝም ይባላል?»

ያን ጊዜ አባቴ ገባ። ቡናማ ጫማ፣ የተገለበጠ ካልሲ። ሐጂ ነገራቸውን ተዉት። ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርተዋል። እግሩ ከኮምፒዩተሩ ማያ ላይ እስኪወጣ ጠበቁና «ይሄ አይነካም» አሉ። «አንደኛው ውሳኔ ይሄ ነው። አሁን ንገሩኝ፤ ከሁሉ የበለጠ ቦታ የያዘው ማነው?»

ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ግን እየቆጠርኩ አልነበረም።

«ተናገር እንጂ፣ ጸሐፊው!» አለች ምንትዋብ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አሥራ አንድ ጊጋ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቅጂ ነው። ሁለቱ የልዩ ልዩ ነገር ነው። ዘጠኙ… የእግሮቹ ቅጂ ነው። ዋናው ቢጠፋ ብዬ።»

«ጎበዝ! የት ነው ያስቀመጥከው?»

«እዚያው። ዋናው አጠገብ።»

ሐጂ አጎቴን አዩ፤ አጎቴ ሐጂን አዩ። «ልጄ» አሉ ሐጂ፣ «ጎተራ ሲቃጠል ሁለተኛው ጆንያ እዚያው ጎተራ ውስጥ ሆኖ ምን ያተርፋል?»

የእኔ አሥራ አንዱ እንዲሰረዝ፣ ምንትዋብም አንድ ጊጋ እንድታዋጣ ተፈረደ። መጨረሻው ያልገባትን አንድ የህንድ ፊልም ሰጠች። አሥራ አንድና አንድ አሥራ ሁለት፤ ከነበረው አራት ጋር አሥራ ስድስት። ሁሉም እያየኝ ቅጂውን ሰረዝኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአባቴ እግር በዓለም ላይ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ሆነ።

የመስቀል ዋዜማ ጠዋት ተካ የላከውን ዲስክ አስገባሁ። አዲሱ ዊንዶው መጫን ጀመረ፤ በመቶኛ እየቆጠረ ይሄዳል። ከእኔ ሌላ የሚቆጥር ነገር ቤታችን ውስጥ ሳይ ደስ አለኝ። ሥልሳ ሁለት ላይ ሲደርስ አጎቴ ከቅርጫው ድርሻችንን እንድናመጣ ጠሩኝ። ከመውጣቴ በፊት እናቴን «እንዳትነኪው» አልኳት።

«እኔ ምን ልነካው!» አለች።

አልነካችውም። ሸፈነችው። እንግዳ ሊመጣ ሆዱ ተዘርግፎ መታየቱ አሳፈራት፤ ዳንቴሉን ዘረጋችበት። የክትፎው ቅቤ ደግሞ በጠዋቱ ብርድ ረግቶ ነበር። ምድጃው አጠገብ ብታስቀምጠው ከልክ በላይ ይግላል። ለብ ያለ ቦታ ፈለገች። ከኮምፒዩተሩ የተሻለ ለብ ያለ ቦታ በቤታችን የለም። ማሰሮዋን በዳንቴሉ ላይ አስቀመጠቻት።

ሥጋውን ይዘን ስንመለስ ከበሩ ላይ የኮረሪማው ሽታ ተቀበለን። አጎቴ «አቤት!» ብለው በደስታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ሮጥኩ። ዳንቴሉ መሐል ለመሐል ሰርጉዷል፤ ማሰሮዋ ጋደል ብላ ተኝታለች፤ ቅቤው ቀልጦ በዳንቴሉ ቀዳዳ ሁሉ ተጣርቶ ወርዷል። ማያው ጥቁር ነው።

ማሰሮዋንና ዳንቴሉን አንስቼ መጽሐፉን ገለጥኩ። የጎደሉት ገጾች ርእስ ማውጫው ላይ አለ። «ገጽ አርባ አንድ፦ ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው ነገሮች።»

በዚያች ቅጽበት ከውጭ የተካ መኪና ጥሩንባ ተሰማ።

ለመስቀል የለበሰው ሙሉ ልብስ ነጭ ነበር። ሁላችንንም ስሞ ሲጨርስ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄደና ጥቁሩን ማያ አየ። ምክንያቱን አልጠየቀም። «አልሆነም ማለት ነው» አለ።

«ሥልሳ ሁለት ደርሶ ነበር» አልኩ።

«መንገዱን ሥልሳ ሁለት ከመቶ ብቻ ሄዶ አዲስ አበባ የገባ መኪና የለም። ቃል ቃል ነው ወንድሜ። አሁኑኑ መኪናዬ ላይ ልጫነው፤ ነገ ብዙ ሰው ይሆናል።»

እናቴን አየኋት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «ውሰደው» አለች። «ያንተ አይደል?»

ተካ ጎንበስ ብሎ አቀፈው፤ ወደ ደረቱ አዘንብሎ አነሳው። በአንደኛው ጥግ ተጠራቅሞ የነበረው ቅቤ ሁሉ በኮቱ፣ በሸሚዙ፣ በቀበቶው አልፎ እስከ ጫማው ወረደ። የቀረ የበርበሬ ብናኝ ነበርና አፍንጫው ሥር ገባ፤ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። ኮምፒዩተሩን በቀስታ መልሶ አስቀመጠው። ልብሱን አየ። ኮምፒዩተሩን አየ።

«ምን አበላችሁት?» አለ። «በርበሬ ገብቶበታል፣ ቅቤ ገብቶበታል፤ ሥጋ ብቻ ነው የቀረው! ይሄን ሱቄ ውስጥ ባስቀምጠው ደንበኛው ሁሉ ለብለብ ነው ጥሬ ብሎ ያዘኛል። ተዉት፤ እዚሁ ይቀመጥ። የአንተ ነው።»

ምንትዋብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሳቁ አላስቆም አላት። ሐጂ ጩኸቱን ሰምተው በአጥሩ በኩል መጡና «ፈረሱ ዛሬም አመለጠ?» አሉ።

የእኔ ሥራ ግን አላለቀም። እግሮቹ ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ የለም። በዓሉ እንዳለፈ ኮምፒዩተሩን ብሎን በብሎን ፈታሁት፤ አርባ ሦስት ብሎን። ቅቤ በአልኮል ይለቃል፤ ቤት ያለው አልኮል ደግሞ አረቄ ነው። ሦስት ቀን በጥጥና በአረቄ አጸዳሁት። ጋሼ ኃብቴ አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጠብታ ይከታተሉ ነበር። «ለእሱ አንድ ከሆነ ለእኔም አንድ» ይላሉ። በአራተኛው ቀን ገጠምኩት፤ አርባ ሁለት ብሎን። አንዱን አላገኘሁትም። እናቴ አጠገቤ ቆመች። ቁልፉን ተጫንኩ።

ማቀዝቀዣ ፋኑ ተንቀራፈፈ፣ ተንተባተበ፣ ከዚያ ዞረ። ማያው በራ። የሞት መድኃኒት ነው የሚሉትን የመስቀል ምግብ ሁሉ ቀምሶ የተነሳ በሽተኛ ይመስል ነበር። እንደገና ዲስኩን አስገባሁና ከዜሮ ጀምሬ አብሬው ቆጠርኩ። መቶ ደረሰ። አዲሱ ዊንዶው ሰማያዊ ሆኖ ተከፈተ። እናቴ ሰማያዊውን አላየችውም።

«እግሮቹን» አለች።

ከፈትኩላት። ቡናማ ጫማ፣ የተገለበጠ ካልሲ። «አለ» አለች። በሳምንቱ አንድ ሰው ወልቂጤ ሲሄድ ዲስኩን ነቅዬ ላክሁ፤ ፋይሉን በጓደኛዬ ወደ ሌላ ዲስክ አስገለበጥኩና ሐጂ መጋዘን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ በሌላ ጎተራ።

ያየሁትን ሁሉ ቆጥሬ የጻፍኩት ይኸው ነው። በቦታው የነበራችሁ የጎደለውን ጨምሩ። ምንትዋብ፣ ፈረሱ በስንተኛው ማስነጠስ እንደሮጠ አንቺ የሰማሽው ካለ ጻፊው። ጋሼ፣ አርባ ሦስተኛውን ብሎን አይተው እንደሆነ ይናገሩ፤ በአረቄው ብርጭቆ ውስጥ ያልፈለግኩት እርስዎን አክብሬ ነው። ሐጂ፣ አረማመድዎን ያስተካከሉት ከዚያ ቀን ወዲህ መሆኑን ይመስክሩ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። እናቴ የቅቤ ማሰሮ ስታስቀምጥ አፉን በእንሰት ቅጠል ሸፍና በቃጫ ሦስት ዙር ትጠፍራለች። ሁልጊዜ ሦስት ዙር ነው። ተካ ኮምፒዩተሩን ሊወስድ በሚመጣበት በዚያ ቀን ግን ቅጠሉም ቃጫውም ሳይነኩ፣ በወጉ ተጠቅልለው መደርደሪያው ላይ ነበሩ። ስጠይቃት «ረሳሁ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ቅቤ ማንን ጎድቶ ያውቃል?» አለች። ስለዚያ ቃጫ የሚያውቅ ካላችሁ ንገሩኝ። ቀስ ብላችሁ ብቻ፤ ወንድም ጋሼ እንዳይሰማ።